በብር ሸጦ በዶላር መክፈል፦ የመብራት ሒሳባችን ከምጣዱ እስከ ግድቡ

እናቴ የምትጋግረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኩፍ ያለውን ሊጥ ከጎኗ አስጠግታ ምጣዱን ትሰካለች፤ እስኪግልም ሰፌዱን ታራግፋለች፣ ማሰሻዋን ታዘጋጃለች። ምጣዱ የተሰካ ጊዜ የጓዳው አምፖል ደብዘዝ ይላል፤ በረንዳው ላይ ያለው ቆጣሪም ቀይ መብራቱን ቶሎ ቶሎ ብልጭ ያደርጋል። ከቤት ዕቃ ሁሉ ኃይል የሚበላው ይኸው ምጣድ ነው፤ ብዙው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ብለን ብንይዝና የሳምንቱን እንጀራ በሁለት ሰዓት ብትጨርስ፣ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠቀመች ማለት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ድርጅቶቻችን ገቢ፣ ዕዳና ስጋት ለመጻፍ ስነሳ ከዚህች 7 ኪሎ ዋት ሰዓት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። በ1998 ዓ.ም. በወጣው ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 0.273 ብር ነበሩ። በዚያ እርከን ሲታሰብ የእናቴ የሳምንት እንጀራ የሚፈጀው ኃይል 1 ብር ከ91 ሳንቲም ነበር። ያኔ አንድ ዶላር በ8 ብር ከ70 ሳንቲም አካባቢ ይመነዘር ስለነበር ይህ ገንዘብ ወደ 22 የአሜሪካ ሴንት ይጠጋል። 18 ዓመት ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ የዝቅተኛው እርከን ዋጋ ያው 0.273 ብር ነበር። ዶላር ግን 57 ብር ገብቷል። ያው 1 ብር ከ91 ሳንቲም 3 ሴንት ብቻ ሆነ።

በዚያው ወቅት እኛ ለኬንያ የምንሸጠው ኃይል በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 ሴንት ነው። የእናቴ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ሞያሌን ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ 45 ሴንት፣ በጊዜው ምንዛሪ 26 ብር ያወጣ ነበር።

ይህን የምለው እናቴ 26 ብር ትክፈል ብዬ አይደለም፤ ጉዳዩ ወዲህ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውና የሚያከፋፍለው ድርጅት ገቢው በብር ነው። ተርባይኑን፣ ትራንስፎርመሩን፣ ኬብሉን፣ የቆጣሪውን ሰሌዳ የሚገዛውና ከብድሩ ትልቁን ክፍል የሚመልሰው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ውኃው ቢሞላ፣ ግድቡ ቢያልቅ፣ ሠራተኛው ሌት ተቀን ቢለፋ ይህ ክፍተት በራሱ አይዘጋም። በኔ ግምት የዘርፉ ትልቁ ስጋት ይኸው ነው፤ ድርቅንም ሆነ የመስመር ብልሽትን የማያቸው ከዚህ በኋላ ነው።

ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው?

ሕዝቡ ዛሬም በደፈናው «መብራት ኃይል» ይላል እንጂ ድርጅቶቹ ሁለት ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግድቦቹንና ከፍተኛ ተሸካሚ መስመሮቹን ይዞ ያመነጫል፣ ያስተላልፋል፣ ለውጭ ይሸጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ከእሱ በጅምላ ገዝቶ፣ ቆጣሪ ሰቅሎ፣ ሒሳብ ሰብስቦ ለቤትና ለድርጅት ያከፋፍላል። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው።

በአንድ ሠፈር ሁለት ድርጅት ሁለት ዓይነት ምሰሶ ቢተክል ትርፉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው አገር የኤሌክትሪክ ማከፋፈል ሥራ በአንድ አካባቢ ለአንድ ድርጅት ይሰጥና ዋጋው በተቆጣጣሪ አካል ይወሰናል። አሠራሩ ሲቀልል እንዲህ ነው፦ ድርጅቱ የሥራ ማስኬጃውን፣ የንብረቱን የእርጅና ቅናሽ (ንብረቱ በየዓመቱ ሲያረጅ ከዋጋው የሚቀነሰውን) እና የብድር ወለዱን ዘርዝሮ ያቀርባል፤ ተቆጣጣሪው ተገቢ ያልሆነውን ወጪ ይሰርዛል፤ በቀረው ላይ መጠነኛ ትርፍ ይጨመርና በሚሸጠው ኪሎ ዋት ሰዓት ይካፈላል። ተጠቃሚው ከብዝበዛ ይጠበቃል፣ ድርጅቱም ከስሮ መስመሩን እንዳያስረጅ ይደረጋል።

እኛ ዘንድ የኢነርጂ ሕጉ በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 810 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም አለ፣ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። ይሁንና በብሔራዊው መረብ ታሪፍ ላይ ባለሥልጣኑ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻው ቃል የመንግሥት ነው። የድርጅቱ ባለቤት፣ የብድሩ ዋስና የዋጋው ቆራጭ አንድ እጅ ናቸው ማለት ነው። ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ታሪፉ ንቅንቅ ሳይል የቆየው ለዚህ ይመስለኛል። በእነዚያ ዓመታት ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ሲሚንቶውም፣ ትራንስፖርቱም ሲጨምር ባለበት የቆመው መብራት ብቻ ነበር። ለቤተሰብ እፎይታ ነበር፤ አልክድም። በዚያ እፎይታ ስር ግን ምሰሶው እየዘመመ፣ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ እየተጫነ፣ ዕዳው እየተቆለለ ሄደ።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጭማሪው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ጀመረ። ዝቅተኛው እርከን አልተነካም። በወር ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀመው ግን ከ0.6943 ብር ተነስቶ በመጨረሻው ዙር 2.481 ብር ደረሰ። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ከባድ ጭማሪ ነው። እስቲ በዶላር እንየው። ውሳኔው ሲተላለፍ ዶላር 28 ብር አካባቢ ነበርና 2.481 ብር ወደ 9 ሴንት ይጠጋ ነበር። ዙሩ ተጠናቆ ተጠቃሚው ያንን ዋጋ መክፈል ሲጀምር ብሩ ወርዶ 5 ሴንት ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከ4 ሴንት ብዙም አይበልጥም። ደንበኛው ጭማሪውን ከፍሏል፤ ድርጅቱ ግን ያሰበውን አላገኘም። ሁለቱም ተጎድተው ማንም ያልተጠቀመበት ጭማሪ ማለት ይህ ነው።

ሐምሌ 22

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን አለፈ፤ ዓመት ሲሞላው ከ130 ብር በላይ ነበር።

ይህ በአንድ የኤሌክትሪክ ድርጅት መዝገብ ላይ የሚያደርገውን በምሳሌ ላሳይ። 100 ሚሊዮን ዶላር የውጭ ብድር ያለበት ድርጅት እንበል። ሐምሌ 21 ማታ መዝገቡ ላይ 5.7 ቢሊዮን ብር ዕዳ ይዞ ተኛ። ከዓመት በኋላ ያው ብድር 13 ቢሊዮን ብር ሆኗል። አዲስ ውል አልተፈረመም፣ አንዲት ተርባይን አልተጨመረችም፣ አንድ ምሰሶ አልተተከለም። ልዩነቱ 7.3 ቢሊዮን ብር ነው፤ በሒሳብ ሰዎች ቋንቋ «የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራ» ይባላል። ድርጅቱ ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በአማካይ 2 ብር የሚያገኝ ቢሆን፣ ልዩነቱን ብቻ ለመሸፈን ከ3.6 ቢሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ መሸጥ አለበት፤ ያውም ደመወዝም ሆነ ጥገና ሳይከፍል።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዕዳ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በብር የሆነውና በዋናነት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በቦንድ የተወሰደው ነው። ሌላው ከውጭ የመጣው ነው፤ ከዓለም ባንክ በረጅም ጊዜና በዝቅተኛ ወለድ የተገኘ አለበት፣ ከቻይና ባንኮች በንግድ ብድር የተወሰደም አለበት። የብሩ ዕዳ ባንኩን ራሱን እስከማስጨነቅ በመድረሱ በ2013 ዓ.ም. የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የኃይል ዘርፉን ጨምሮ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ዕዳ እንዲረከብ ተደረገ። በኋላም መንግሥት ለንግድ ባንክ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ቦንድ በመስጠት የባንኩን ሚዛን፣ ማለትም የሀብትና የዕዳ መግለጫውን፣ ለማቃናት ወሰነ። ዕዳው ከድርጅቱ መዝገብ ወጣ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወደ ግምጃ ቤት ዞረ። በታሪፍ ያልከፈልነውን በግብር ወይም በዋጋ ንረት እንከፍለዋለን። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮ ቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተሸጠ የብድር ሰነድ) ወለድ ሳትከፍል መቅረቷም ለኃይል ዘርፉ ራቅ ያለ ዜና አልነበረም፤ በ2007 ዓ.ም. የተሸጠው ያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ታስቦላቸው ከነበሩ ዘርፎች አንዱ ኤሌክትሪክ ነበርና።

አዲሱ የታሪፍ ማሻሻያ መስከረም 2017 ዓ.ም. ላይ የጀመረው እንግዲህ ምንዛሪው ከተለቀቀ ከወር በጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። አሠራሩ ከቀድሞው ይለያል፤ ጭማሪው በየሦስት ወሩ እየተከፋፈለ ለአራት ዓመት ይዘልቃል። በትንሽ በትንሹ መሆኑ ጥሩ ነው፤ የአንድ ጊዜ ድንጋጤን ያበርዳል። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰንጠረዡ ሲሠራ ዶላር ስንት ይሆናል ተብሎ ተገመተ? ግምቱ ከሳተስ ማን ይሸከማል?

ግድቡ አልቋል፤ ሒሳቡ ገና ነው

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል ከወር ደመወዟ ቦንድ የገዛች ሴት ያን ቀን ስታለቅስ አይቻለሁ፤ እኔም አልቻልኩም። 13 ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ፤ ያውም ያለ ውጭ አበዳሪ ፕሮጀክት ብድር፣ በአገር ውስጥ ገንዘብ። ይህን የሚያሳንስ ጽሑፍ አልጽፍም።

ይሁንና የድርጅቱን ሒሳብ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ሁለት ነገር ልብ ይበል። አንደኛው፣ 5,150 ሜጋ ዋት ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ ጉልበት ሲዞሩ ያለው አቅም ነው። ወንዝ ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይፈስም። ከግድቡ በዓመት የሚጠበቀው ከ15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ይህም ተርባይኖቹ ሳያቋርጡ ቢሠሩ ከሚሰጡት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ለውኃ ኃይል ይህ ነውር አይደለም፤ ገቢን ለመገመት ግን መያዝ ያለበት ቁጥር ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው የሒሳብ ሕግ ነው። ግንባታ ላይ ያለ ፕሮጀክት በሚዛን ላይ «በግንባታ ላይ ያለ ንብረት» ተብሎ ይቀመጣል፤ የብድሩ ወለድም ከግንባታው ወጪ ጋር ይደመራል፣ ኪሳራ ሆኖ አይታይም። ሥራ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። የእርጅና ቅናሹ በየዓመቱ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል፣ ወለዱም በቀጥታ የዓመቱን ትርፍ ይቀንሳል። ስለዚህ በሚመጡት ዓመታት ገቢው አድጎ ሳለ ትርፉ ቀነሰ የሚል ሪፖርት ብናይ አንደናገጥ። ምረቃው ራሱ ያመጣው ለውጥ ነው።

የግድቡ ኃይል ምን ያስገኛል? 15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ሙሉ በሙሉ በኬንያ ዋጋ ቢሸጥ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ሁሉም አገር ውስጥ ቀርቶ፣ ለምሳሌ በኪሎ ዋት ሰዓት 1 ሴንት ቢሸጥ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። እውነተኛው ቁጥር በሁለቱ መካከል ያርፋል፤ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ግን የገዢው አቅምና የተዘረጋው ሽቦ ነው።

ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስካለው ሱስዋ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር፣ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ሽያጩ ሲጀመር ውሉ ለ25 ዓመት፣ መጠኑ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ 400 ሜጋ ዋት ተብሎ ነው። 200 ሜጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ቢወሰድ 114 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገባል። መስመሩ ሰፊ ነው፤ የኬንያ የጠቅላላ አገሪቱ ከፍተኛ ፍላጎት ራሱ ግን ከ2,300 ሜጋ ዋት አካባቢ ብዙም አይርቅም። ከዚህ በላይ ለመሸጥ ታንዛኒያንና ከዚያ ወዲያ ያሉትን በኬንያ በኩል መድረስ ግድ ነው። ጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ታማኝ ገዢ ናት፣ ግን ትንሽ ናት። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሳ፤ ጦርነት ውስጥ ያለ ገዢ የመብራት ሒሳብ ይከፍላል ብሎ ማቀድ አይቻልም።

እዚህ ላይ ገዢያችንን፣ የኬንያን የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኬንያ ፓወርን፣ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅመናል። መንግሥት 50.1 በመቶ ድርሻ አለው፤ ቀሪው በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ነው። ስለዚህ ትርፍና ኪሳራውን ለማንም ሳያዳላ ያሳትማል። በፈረንጆቹ ሰኔ 2023 በተዘጋው ዓመት 3.2 ቢሊዮን ሽልንግ ከሰረ። በቀጣዩ ዓመት 30 ቢሊዮን ሽልንግ አተረፈ። ሰዉ በአንድ ዓመት ተአምር አልሠራም፤ ትልቁ ምክንያት ሽልንግ ከዶላር አንጻር ወድቆ መነሳቱ ነው። በ2024 መጀመሪያ ዶላር 160 ሽልንግ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በዓመቱ አጋማሽ ወደ 129 ተመለሰ። ከዚያ በፊት በ2023 ሚያዝያ የታሪፍ ማሻሻያ ተደርጎለታል። በደንበኛው ሒሳብ ላይም የምንዛሪ ማስተካከያ ራሱን ችሎ በየወሩ ይወጣል፤ ሽልንግ ሲወድቅ ይጨምራል፣ ሲነሳ ይቀንሳል። የናይሮቢ ቤተሰብ ይህን መስመር አይወደውም፤ ደጋግሞ አማርሮበታል። ግን ጭማሪው ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ድርጅቱ በራሱ ጥፋት ያከሰረውንና ምንዛሪ ያመጣበትን ለይቶ መጠየቅ ይችላል። የምመኝልን ይህን ነው።

በኮንቴይነር የመጡ ደንበኞች

ከውጭ ገበያ ሌላ ዶላር የሚያስገኝ ደንበኛ አገር ውስጥ ተገኝቷል፤ የቢትኮይን ማዕድን አውጪዎች፤ በኮምፒውተር ስሌት ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያገኙ ድርጅቶች ማለት ነው። ከማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ኮንቴይነር አስቀምጠው፣ ማሽን ደርድረው፣ ሌት ከቀን ኃይል ይወስዳሉ፤ ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። ክፍያቸው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 3.14 ሴንት ሆኖ ቆይቷል። ለድርጅቱ የሚያጓጓ ነው። ማከፋፈያ መስመር ወደ ሠፈር መዘርጋት አያስፈልግም፣ ቆጣሪ አንባቢ አያስፈልግም፣ ሌሊት ገዢ ያጣው ኃይል ይሸጣል።

ግን በአንድ እጅ ብቻ የሚደገፍ ገቢ ነው። የቢትኮይን ሥርዓት በየአራት ዓመቱ ለአውጪዎች የሚሰጠውን በግማሽ ይቀንሳል፤ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2024 ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። የቢትኮይን ዋጋ ደግሞ አንድ ሳምንት ሲወጣ ሌላው ሳምንት ይወርዳል። ማሽኑ ተነቅሎ፣ ተጭኖ፣ ርካሽ ኃይል ወዳለበት ሌላ አገር ይሄዳል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለእነዚህ ደንበኞች አዲስ ፈቃድ መስጠት ማቆሙን ሲያስታውቅ ልክ ነው ብያለሁ። ትርፍ ኃይል ባለበት ጊዜ መሸጥ ብልህነት ነው፤ ለእነሱ ሲባል በብድር መስመር መዘርጋት ግን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና ኃይል ባላገኘበት አገር ልቤ አይቀበለውም።

ውኃና ጦርነት

የምናመነጨው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የጊቤ ሦስት ሐይቅ ሲጎድል 476 ሜጋ ዋት ጎደለና በፈረቃ ተዳረስን፤ ለጎረቤት የሚሸጠውም ተነካ። የአባይ ግድብ በሌላ ተፋሰስ መሆኑ፣ ሐይቁም ከዓመት ዓመት ውኃ ማሻገር መቻሉ ይህን ስጋት ቀለል ያደርገዋል። ነፋስ አዳማና አሸጎዳ ላይ አለን፣ ገና ትንሽ ነው። የምህንድስና ስጋትም እንዳለ የጊቤ ሁለት ዋሻ አስተምሮናል፤ በ2002 ዓ.ም. ጥር ተመርቆ ሳምንታት ሳይሞላው ውስጡ ተደረመሰ፣ ጥገናው ወራት ፈጀ። ጦርነቱ ደግሞ መቀሌን ከአንድ ዓመት በላይ ከብሔራዊው መረብ ለይቶ እስከ ኅዳር 2015 ዓ.ም. አቆያት። በጨለማ የከረመው ሕዝብ ጉዳት ከማንኛውም ገቢ በላይ ነው። በሒሳብ ዓይን ሲታይም ገቢ የማያስገባ፣ ግን ዕዳው የማይቆም ንብረት ማለት ነው።

አምፖሉ ለምን ይደበዝዛል?

አሁን ወደ እናቴ ጓዳ ልመለስ። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ የሚደበዝዘው ከበሩ እስከ ጓዳ የተዘረጋው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ነው። ብዙ ኃይል በቀጭን ሽቦ ሲያልፍ ከፊሉ ሽቦውን ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። ይህን በአገር ስፋት አስቡት። ከግድብ ወጥቶ ቆጣሪ ሳይደርስ የሚባክነው ኃይል አምስት እጅ አንዱ ገደማ ነው። ከፊሉ በረጅም መስመር፣ በተጨናነቀ ትራንስፎርመርና በላላ መጋጠሚያ፣ ከፊሉ ደግሞ ያለ ቆጣሪ በሚሳብ ኃይል።

ከ100 ኪሎ ዋት ሰዓት 80 ብቻ ከተሸጠ፣ የመቶውን ወጪ የሚሸከመው ሰማንያው ነው፤ የእያንዳንዷ ዋጋ በ25 በመቶ ይወደዳል። ብክነቱን በግማሽ መቀነስ ያለ አንዳች ዝናብ፣ ያለ አዲስ ግድብ ኃይል ማግኘት ነው። ለዚህ ግን ገንዘቡ መግባት ያለበት ለምረቃ ሪባን በማይቆረጥለት ቦታ ነው፦ በሠፈር ትራንስፎርመር፣ በሽቦ፣ በቆጣሪ። ከሁለቱ ድርጅቶች ደካማው ወገን አከፋፋዩ ነው ብዬ የማስበውም ለዚህ ነው። ግድብ ሁሌም የሚያስተዋውቀው አያጣም፤ የሠፈር መስመር ግን ጠያቂ የለውም። ዓለም ባንክ በ2010 ዓ.ም. 375 ሚሊዮን፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 500 ሚሊዮን ዶላር ለኤሌክትሪክ ተደራሽነት የፈቀደው ይህን ክፍተት አይቶ ነው። ያም ቢሆን የውጭ ምንዛሪ ነው፤ የሚመለሰው ከብር ገቢ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ዝቅተኛው እርከን የተቀመጠው ለድሃ ነው፤ ትንሽ የተጠቀመ ትንሽ ይክፈል በሚል። ሐሳቡ መልካም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ድሃው የራሱ ቆጣሪ የለውም። በአንድ ግቢ ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ቢሆን ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማያልፍ ነው፤ ሲደመሩ ግን ቆጣሪው እስከ 200 ይደርሳል፤ ሒሳቡ ከፍ ባለው እርከን ይመጣል። ብቻውን በቪላ የሚኖርና በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ሰው ድጎማውን ያገኛል፤ በአንድ ክፍል አምስት ሆነው የሚኖሩት አያገኙም። ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ሲሄድ ይህ መዛባት አብሮ ይሰፋል። ተቆጣጣሪው ለተከራይ ቆጣሪ በርካሽ የሚገባበትን መንገድ ወይም በአንድ ቆጣሪ ያሉ አባወራዎች የሚቆጠሩበትን አሠራር ቢያበጅ፣ ድጎማው የታሰበለት ሰው ጋ ይደርሳል።

ጭማሪውን አልቃወምም። በ3 ሴንት ኃይል የሚጋገር የሳምንት እንጀራ የትም አያደርሰንም፤ ትራንስፎርመሩ ሲቃጠል የሚተካበት ዶላር ከዚያ አይገኝም። የምጠይቀው ሒሳቡ እንዲታይ ነው። ከሚጨመረው ውስጥ ስንቱ ለምንዛሪ፣ ስንቱ ለጥገና፣ ስንቱ ለወለድ እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ይለይ። ብክነቱ በየዓመቱ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ቁጥር ይቀመጥና፣ ካልተቀነሰ ልዩነቱን ደንበኛው እንዳይከፍል ይደረግ። ኦዲት የተደረገው የሁለቱም ድርጅቶች ሒሳብ በየዓመቱ ማንም ዜጋ በሚያገኘው ቦታ ይውጣ፤ ቦንድ የገዛችው ያቺ ሴትም ታንብበው።

ከእናቴ ቤት ጀርባ ካለው ግቢ አከራይዋ በወሩ መጨረሻ ደረሰኙን ይዘው ወደ ተከራዮቹ ይገባሉ። ምጣድ ያለው፣ ካውያ ያለው፣ አምፖል ብቻ ያለው እየተባለ በወረቀት ላይ ይካፈላል። ባለፈው ጊዜ አንዷ ተከራይ ደረሰኙን አገላብጣ «እማማ፣ ምጣዴን የሰካሁት እኮ እንደ ድሮው ሁለት ቅዳሜ ነው፤ ታዲያ ለምን ጨመረ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች አነበቡላት፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈበትም።